ለአስቴር ተልኮ እኔ ጋ የቀረ

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፣ ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ስንቱን ጥቃቅን ነገር ስዘረዝር፣ ሳላስበው የገደፍኩትን ረቡዕ ሳይቀር ስናዘዝ ኖሬ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም" እላለሁ። በንስሐ ላይ እየዋሸሁ ስንት ጊዜ ተፈትቼ ወጣሁ? ቁጥሩን እግዜር ያውቀዋል።

አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ቁጭ ብዬ መጻፍ ግን አልሆነልኝም። አንድ መስመር እጽፍና እነሳለሁ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ፣ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። በሥራዬ ግን ፍረዱ፤ እናንተ ፊት የቀረብኩት ለዚያ ነው።

የሠራሁትን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የጓደኛዬ አባት ሊሞቱ ሲሉ ልጃቸውን ጠሩ። ጥሪው በእኔ በኩል መጣ። እኔ ዋጥኩት። ዋጥኩትና "እየተሻላቸው ነው" አልኳት። እሷን ሳያዩ ሞቱ። በዚያ ላይ ሌላ ውሸት ጨመርኩ፤ እሱ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አባቴ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የቀበሌ ቤት ተሰጥቶን እንኖር ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ የአቶ ዱካሞ ግቢ አለ። አቶ ዱካሞ አናጢ ነበሩ፤ ሲዳማ፣ ጴንጤ፣ በቀን አሥር ቃል የማይወጣቸው ሰው። በሰፈሩ እሳቸው ያልሠሩት በር ያለ አይመስለኝም፤ የእኛም በር የእሳቸው ሥራ ነበር። አስቴር የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ከእኔ ጋር ስምንተኛ ክፍል ብትሆንም ያን ያህል አንግባባም ነበር። እሷ በትምህርት አንደኛ፣ እኔ በወሬ አንደኛ።

በዚያ ዓመት እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ብዙም ሳይቆይ አቶ ዱካሞ ምግብ በጉሮሯቸው አልወርድ አላቸው። ሁለቱም አዋሳ ታይተው ወደ አዲስ አበባ ተላኩና አንድ ሆስፒታል ገቡ፤ እናቴ ላይኛው ፎቅ፣ እሳቸው ታችኛው። ለእኛ ለልጆቹ ግን ይህን የነገረን የለም። እኔ "እናትሽ ለእህቷ ሠርግ ሄዳለች" ተባልኩ። እናቴ እህት የላትም። አስቴር ደግሞ "አባትሽ አዲስ አበባ ትልቅ ሥራ አግኝቷል" ተባለች፤ መጋዙና መዶሻው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ። ምን ዓይነት አናጢ ነው መጋዙን ትቶ ሥራ የሚሄደው? ትልልቆቹ ልጅ አያስብም ብለው ነው መሰል። ነቀርሳ የሚለውን ቃል የሚያወጣ ሰው አልነበረም። "ያ በሽታ" ይላሉ፣ ወይም በእጃቸው ደረታቸውን ያሳያሉ፣ እኛ ብቅ ስንል ደግሞ ስለ ኅብረት ሱቅ ስኳር ማውራት ይጀምራሉ።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አስቴር መጥታ ፊቴ ቆመች። ሰላም እንኳ ሳትል፣ "እናትሽን የያዛት ነቀርሳ ነው። አባቴንም የያዘው እሱ ነው" አለችኝ። በጥፊ መታኋት። አልመለሰችልኝም። ጉንጯን በእጇ ይዛ፣ "ሰው ሁሉ ያውቃል። የማናውቀው እኛ ብቻ ነን" አለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል አልገባንም። ሐይቁ ዳር ሄደን፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ሲሻሙ እያየን፣ ስናለቅስ ዋልን።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ስንወጣ የአባቷ የሥራ ቤት ውስጥ እንገናኝ ነበር። ከእሳቸው ወዲህ የሚገባበት አልነበረም። የእንጨቱ ፍቅፋቂ ወለሉ ላይ እንደቀረ ነው፤ እሱ ላይ እንቀመጣለን። ደንብ አወጣን፤ ያወጣችው እሷ ናት፣ እኔ አጸደቅኩ። አንዷ "ምን ሰማሽ?" ትላለች፤ ሌላዋ የሰማችውን ሁሉ ትናገራለች፤ ማን እንዳለውም ትናገራለች። የሰማነውን ፀሐይ ሳትገባ መንገር ግዴታ ነው። ማጣፈጥ የለም፣ ማሳጠርም የለም። ያለቀሰችውን ደግሞ "አይዞሽ" ማለት ክልክል ነው፤ ከትልልቆቹ አፍ ሰምተነው ሰምተነው አንገፍግፎን ነበር። በእሷ ቤት የሚወራው በሲዳምኛ ነው፣ በእኛ ቤት በአማርኛ። ጠያቂ ሲመጣ ሁለታችንም በየቤታችን በር ሥር ተለጥፈን እንሰማለን፤ በማግስቱ የሰማነውን እንገጣጥማለን። ሁለት ልጆች እንደዚያ ሆነን ትልልቆቹ የደበቁንን ሁሉ ደረስንበት።

ይህ ምን ያህል እንደጠቀመኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ በፊት ምግብ አልበላ ብዬ፣ ክፍል ውስጥ ተደፍቼ እውል ነበር። አስቴርን ካገኘሁ ወዲህ ሰው ሆንኩ። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያቃጥለኝ፤ የከዳሁት ማንንም ሳይሆን እሷን ነው።

እሷ እኮ ደንቡን ጠብቃለች። በዚያን ጊዜ እነሱ የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ እነ አስቴር ቤት በስውር ይሰበሰቡና መዝሙሩን ድምፅ ሳያሰሙ ይዘምሩ ነበር። በአንዱ ረቡዕ ከአዲስ አበባ የመጣች ሴትዮ የእናቴን ነገር አወራች። ዝናቡ ይወርድ ነበር። አስቴር ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ሮጣ መጣችና በአጥራችን በኩል ጠራችኝ። ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ "ዛሬ ነው የሰማሁት። ጡቷን ቆርጠውታል። በሕይወት አለች" አለችኝ። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሷም አጠገቤ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አይዞሽ አላለችኝም። አባቴ ወጥቶ እስኪያስገባን ድረስ እጄን ይዛ ዝናቡ ሲመታት ቆየች።

እኔስ? እኔ ምን አደረግኩ?

የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ አባቴ የቀበሌ ስብሰባ ሄዶ ሳለ በራችን ተንኳኳ። ከአዲስ አበባ የመጣ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነው። ፖስታ ሰጠኝ። ላዩ ላይ በእናቴ እጅ "ለሰናይት፣ በእጇ" ተብሎ ተጽፏል። ሰናይት እኔ ነኝ። እናቴ ከሄደች ሁለት ወር ከምናምን ሆኗት ነበር፤ ለእኔ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤

"ልጄ ሰናይት፣ ይህን ለአባትሽ አታሳዪ። አቶ ዱካሞ በጣም ደክመዋል። ሐኪሙ ይህን ሳምንት አይዘልቁም ብሎኛል። እየወረድኩ አያቸዋለሁ፤ ድምፃቸው አይወጣም፣ ግን አስቴር አስቴር ይላሉ። ሳላያት አልሙት ይላሉ። ዘመዶቿ ፈተና አለባት ብለው ደብቀዋታል። እኔ ግን ልጅ አባቷን ሳትሰናበት መቅረቷን አልወደድኩትም። አንቺ ንገሪያት። እናቷን አስቸግራ፣ ከቀበሌ የጉዞ ይለፍ አውጥተው፣ በማግስቱ አውቶቡስ ይምጡ። ትመጣለች ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። አደራ። እናትሽ።"

አነበብኩት። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ባዶ ነው። ፖስታውን አራገፍኩት፣ ሌላ ወረቀት የለም። እንደገና አነበብኩት። ናፈቅሽኝ የሚል የለም። ጡቴን ተቆርጫለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ልመለስ ነው፣ አልመለስም የሚል የለም። አንቺም ነይ የሚል የለም። እናቴ ሁለት ወር ቆይታ ወረቀት አንስታ ለእኔ የጻፈችው ስለ አስቴር ነው።

ለምን እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ ለራሴ ያላልኩት የለም። ፈተናዋ እንዳይበላሽ አስቤ ነው ብያለሁ። አብሮኝ ከሚቀመጥ ሰው ልለይ ፈርቼ ነው ብያለሁ። እሳቸው ከሞቱ ያው በሽታ እናቴንም ይገድላታል ብዬ፣ ሞቱን ያስቀረሁ መስሎኝ ነው ብያለሁ። እነዚህ ሁሉ ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን በዚያ ጓዳ ውስጥ ሆዴን የበላው ሌላ ነው። ቀናሁ። አባቷ ሊሞቱ ሲሉ እንኳ ይጠሯታል፤ እናቴ በሕይወት እያለች አልጠራችኝም። የሰው መጠራት አስቀናኝ። እንግዲህ ይኸው፤ አስቀያሚ ነው፣ ግን ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አስቴር ወደ ሥራ ቤቱ መጣች። ሰውዬውን አይታው ኖሮ፣ ገና ሳትቀመጥ "ምን ሰማሽ?" አለችኝ።

"ከእማዬ ደብዳቤ መጣ" አልኩ። "አባትሽ እየተሻላቸው ነው። ሾርባ መጠጣት ጀምረዋል።"

"ማን አለ?"

"እማዬ ናታ። በዓይኗ አይታ።"

"አጣፍጠሽው ነው?" አለች።

"አላጣፈጥኩም" አልኩ።

በቤቷ እኮ ሁሉም "ጌታ ፈውሶታል" ይሏት ነበር፤ አጎቷ ይሏታል፣ እናቷም ትላታለች፤ አላመነቻቸውም። ማጽናኛ መሆኑን ታውቃለች። እኔን ግን አመነችኝ። እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ ስቃ የአባቷን መጋዝ ከግድግዳው አወረደችና በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው። ሲመጣ ዝጎ እንዳያገኘው አለች። እኔ ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጬ ሳያት ነበር። ፀሐይዋ ገና አልገባችም። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አፌን ማን ያዘው? ማንም አልያዘውም።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት። ከዚያ በኋላ መቀመጫ አጣሁ። ሰኞም ቢሆን ጊዜ ነበር። ማክሰኞም ነበር። ትምህርት ቤት ስንሄድ የአዲስ አበባው አውቶቡስ በከተማችን ፒያሳ አቅራቢያ ሰው እየጫነ እናልፈዋለን፤ እሷ ምንም ሳታውቅ የሒሳብ ቀመር እያስታወሰችኝ፣ እኔ አውቶቡሱን እያየሁ። ረቡዕ እነ አስቴር ቤት የምስጋና ጸሎት ተደረገ። የእኔን ወሬ ሰምተው ነው፤ ውሸቴ ዞሮ ጸሎት ውስጥ ገባ። አጎቷ እውነቱን እያወቁ አሜን አሉ፤ እሳቸውም የወሬውን ምንጭ አልጠየቁም፣ ለልጅቷ የሚስማማ ወሬ ስለሆነላቸው። ሐሙስ ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። ጋሪ ላይ አብረን ተሳፍረን ነበር፤ "አስቴር" አልኳት። ዞረች። ፊቷ ብሩህ ነበር። "ምንም" አልኳት። ምን ያህል ጊዜ ምንም አልኩ? ሳምንቱን ሙሉ ምንም ስል ከረምኩ።

ዓርብ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አገሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። አጎቷ ፈተናው እስኪያልፍ አይነገራትም ብለው ወሰኑ። ሬሳውን ወደ ትውልድ ቀያቸው ወሰዱት፤ በከተማው ዳር ሲያልፍ እኛ ክፍል ውስጥ ክለሳ ላይ ነበርን። እናቷ "ገጠር ዘመድ ታሟል" ብላ ትንንሾቹን ይዛ ሄደች። አስቴርን የት ያኖሯት መሰላችሁ? እኛ ቤት። አባቴ ጓዳ ጠርቶኝ፣ አባቷ እንዳረፉ በሹክሹክታ ነግሮኝ፣ "ትንፍሽ እንዳትይ" አለኝ። እናቷ እስክትመለስ ሦስት ቀን በእኔ አልጋ፣ ከእኔ ጎን ተኛች። ጠዋት ዓይኗን እንደገለጠች "ምን ሰማሽ?" ትለኛለች። "ምንም" እላታለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሻይ የሚያፈላው ያውቃል፣ መምህሩ ያውቃል፣ እሷን ሲያዩ አንገታቸውን ያቀረቅራሉ። እሷ ግን ትልልቆቹን መጠርጠር ትታለች፤ እኔ አለኋታ።

የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎቹ መርዶ ይዘው እነ አስቴር ቤት ገቡ። ጩኸቷን ከአልጋዬ ሰማሁት። ሄድኩ፤ አለመሄድ አይቻልም። በሴቶቹ መካከል ተንጠራርታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ሁሉም ዋሹኝ ሰናይት። አንቺ ብቻ ነሽ የሰማሽውን የነገርሽኝ" አለችኝ። "ተሽሎት ነበር አይደል? ድንገት ነው የሞተው አይደል?"

"ድንገት ነው" አልኳት።

እናቴ ድና ነሐሴ ላይ ተመለሰች። አዎ፣ የእኔ እናት ዳነች። ጠያቂው ሁሉ ሄዶ ብቻችንን ስንቀር መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው፤ "አስቴር ለምንድን ነው ያልመጣችው?" በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር አለችኝ። አስታማሚ ሲገባ ቀና፣ ጽዳት ሲገባ ቀና። ዓርብ ዕለት እሷ ራሷ ስትገባ ቀና ብለው፣ እሷ መሆኗን አይተው፣ መልሰው ተኙ፤ ከዚያ በኋላ ቀና አላሉም።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ ይመጣ ነበር? እናቴ ናት፣ ብቻችንን ነን፣ ብትመታኝም መትታ ትተወኝ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? "ነግሬያት ነበር። ፈተና አለብኝ፣ አልሄድም አለች" አልኩ።

ከመጀመሪያው ይብሳል ያልኳችሁ ይህ ነው። አደራ መብላቴ ሳያንሰኝ በበላሁት አደራ እሷን ወነጀልኩ። አንዴ ብቻ ነው ያልኩት፤ በአንድ ትንፋሽ። እናቴ ግን ሃያ ዓመት ያህል ተሸክማው ኖረች። ከዚያ ቀን ወዲህ አስቴርን "ልጄ" ብላ ጠርታት አታውቅም። አስቴር በየበዓሉ ትመጣለች፣ ጉልበቷን ትስማለች፤ እናቴ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን በር ድረስ ስሸኛት አስቴር፣ "እናትሽን ምን አድርጌያቸው ነው?" አለችኝ። "ሕመሙ አመሏን ቀይሮታል" አልኳት። ይህም ሦስተኛው ውሸት ነው፤ ወይስ አራተኛው? መቁጠር ትቻለሁ።

አስቴር ነርስ ሆነች። በሽታው በመጨረሻ እናቴ ላይ ሲመለስ መርፌ የምትወጋት፣ ቁስሏን የምታጥበው እሷ ነበረች። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትታከማለች። እሷ ስትወጣ እናቴ፣ "ለገዛ አባቷ ያልሆነች ለእኔ ምን ቆረጣት?" ትለኛለች። እኔ ትራሷን አስተካክልላታለሁ። ያኔ እንኳ አልተናገርኩም። እናቴ ያንን ይዛ ተቀበረች። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር እላለሁ ስለ ደብዳቤው፤ ያኔስ ስንት ነበርኩ? ሦስት ልጅ ወልጄ ነበር።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ አስቴር ጡረታ ወጥታ፣ አባት ወይም እናት በነቀርሳ የታመሙባቸውን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስባ እርስ በርስ እንዲያወሩ ማድረግ ጀመረች። ትልቅ ሰው አይናገርም፤ ልጆቹ ናቸው የሚነጋገሩት። ያንን ያገኘችው ከየት እንደሆነ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር ትነግራቸዋለች አሉ፤ "ሰናይት የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ሁሉም ሲዋሸኝ እሷ አልዋሸችኝም" እያለች። እኔንም ነይና ልጆቹ ይዩሽ ትለኛለች። ጉልበቴን አመመኝ አልኳት። እንግዳ መጣብኝ አልኳት። ሰበብ አለቀብኝ።

ባለፈው ሐሙስ ቤቷ ሄድኩ። ጎመን እየከተፈች ነበር። ሳልቀመጥ፣ ቆሜ፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደብዳቤውን፣ ሾርባውን፣ በሩን፣ ለእናቴ ያልኩትን። ቢላዋውን አስቀመጠች። ልትጮኽብኝ፣ ልታባርረኝ ጠብቄ ነበር፤ ይሻለኝ ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"እናትሽ ለዚህ ነው ፊታቸውን ያዞሩብኝ የነበረው?"

"ለዚህ ነው" አልኳት።

ጎመኑን ወደ ድስቱ ጨመረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ "ቅዳሜ ነይ" አለች። "ልጆቹ ስምሽን ያውቁታል። ራስሽ ንገሪያቸው፤ እኔ አልነግርልሽም።"

ሄድኩ። ፒያሳ አጠገብ ያለ አንድ አዳራሽ ነው፤ አሥራ አንድ ልጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ እየተነሱ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን፣ ማን እንደታመመባቸው ተናገሩ። ከዚያ አስቴር ወደ እኔ አመለከተች። ተናገርኩ። ስጨርስ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰች፣ እናቷ የታመመችባት ልጅ እጇን አወጣች።

"ለምን ዋሹዋት?" አለችኝ።

ልጅ ነበርኩ ልላት አፌን ከፈትኩ። ይህን ዘመን ሁሉ ተደግፌው የኖርኩት ቃል እሱ ነው። ግን ልጅቷ ቅድም ተነስታ ዕድሜዋን ስትናገር ሰምቻታለሁ፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በጭኗ ላይ የጎረቤቷን እጅ ይዛለች። ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

"ቀንቼባት ነው" አልኳት። "እሷን አባቷ ጠሯት፣ እኔን እናቴ አልጠራችኝም።"

ልጅቷ ከእኔ ፊቷን አንስታ ወደ አስቴር ዞረች፤ "እርስዎስ ይቅር አሏት?" አለች።

አስቴር የልጆቹን የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ የመጋዙን አቧራ ስትጠርግ የነበረው ፊት አይደለም፣ ሌላ ፊት ነው፣ የማላውቀው።

"ገና ነኝ" አለች።

እኔም ያንን መልስ ይዤ ወጣሁ። ከሱ የሚበልጥ አይገባኝም፤ እናንተም ጨምራችሁ እንዳትሰጡኝ።